ይታይሽ

ሞጣ ከገበያው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስረግጥ የኖርሁትን፣
መኪና ሲሉኝ የማውቀው እሱን ነው፦
ጥቁር፣ ዘይት ጠጪ፣ ጥርሱ የማያርፈው።

ሐኪሙ ወረቀት እያየ ሲነግረኝ፣
«እብጠቱ ወጥቷል፤ ጨረር ነው የቀረሽ፣
ባሕር ዳር ሄደሽ፣ ከመኪናው ሥር ተኝተሽ…»
እኔ የታየኝ ሌላ፦
መርፌው ሽቅብ ቁልቁል በጡቴ ጠባሳ
ዳግም ሲመላለስ፣
ክር ሳይዝ፣ እሳት ይዞ።

ጎረቤቴ የውብዳር ደግሞ አጽናናችኝ፦
«የአማቼን እኅት ጠብሰው ነው የላኳት፤
ጥላዋ እንኳ ጠቁሮ።»

ሦስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ፤
የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።
አውቶቡስ ላይ ሆኜ ቦርሳዬን አቀፍሁ፤
አዴት ላይ ልወርድ ብል፣ ሰው አፍሬ ቀረሁ።

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ፣
ተራዬን ስጠብቅ፣ ባይደርስ ስመኝ፣
አንዲት ልጅ መጣች፣ ትርንጎ ነው ስሟ፤
ነጭ ካፖርት፣ ላስቲክ ጫማ፣
እርሳስ ከጆሮዋ ላይ፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ።

«ይታይሽ ነው ስምሽ?»
«አዎ።»
«እንግዲያው ይታይሽ» አለች፣ ፈገግ ብላ፣
በእጇ የሣለችውን ደብተር
ከጉልበቴ ላይ ዘርግታ።

ክፍሉ ይኸው፣ ሰፊ፣ ነጭ፣ እንደ አዲስ አቡጀዲ።
አልጋው ጠባብ። አንዲት ሴት ተጋድማለች፣
ክንዷን ወደ ላይ አድርጋ፣
ብብቷን እንደማስለካት ደንበኛ።
«ይህ ትልቁ ራስ ይዞርሻል እንጂ አይነካሽም።
ድምፁን ደግሞ ስሚው» ብላ ስልኳን ከፈተች፦
ጥዝዝ አለ፣
ከጓሮ ማዶ እንዳለ ቀፎ።

«መርፌውስ?»
«መርፌ የለውም።»
«እሳቱስ?»
አልዋሸችኝም። ገጹን ገለጠች፤
ፀሐይ የመታው አንገት የመሰለ፣
የቀላ ቆዳ ሥላ ነበር።
«ሰንበት ብሎ እንዲህ ያሳክክሻል። ቅባት አለው።
እዚህና እዚህ ደግሞ በቀለም እናሰምራለን፣
ጨረሩ መስመር ስቶ ልብሽ ጋ እንዳይደርስ።»

ጠመኔ!
እኔስ መቼ መቀስ አንሥቼ አውቃለሁ
ጨርቁን ሳላሰምር?

የመጨረሻው ገጽ የተዘጋ በር ነው።
«ሁላችሁ ለምን ትወጣላችሁ?» አልኋት።
ዝም አለች። ለዚህ ሥዕል አልነበራትም።
እጄን ይዛ ወደ ጓዳቸው አስገባችኝ፤
ከግድግዳው ስክሪን ላይ
ባዶው አልጋ ይታያል።
«እዚህ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።
ጣትሽን ካወዛወዝሽ አቆመዋለሁ።»

ለካ ማየት ብቻ አልነበረም የጎደለኝ፤
መታየትም ነበር።

አልፈራሁም አልልም።
አልጋው ላይ ስወጣ ጉልበቴ ከድቶኛል።
ግን የፍርሃቴን ወርድና ቁመት አውቄ ገባሁ፤
ልኩ ያልታወቀ ፍርሃት ነው ሰው የሚውጠው።
ያ ራስ ሲዞረኝ፣ በልቤ ዘርፍ ስዘመዝም፣
ሁለት ክንድ ሳልጨርስ «በቃ፣ ተነሺ» አሉኝ።

ዛሬ መሸትሸት ሲል፣ ሱቄን ልዘጋ ስል፣
የውብዳር መጣች። መብራቱን አልወደደችም።
እጇ ከነጠላዋ ሥር ነው፣ ደረቷ ላይ።
«ይታይሽ… እዚህ ጋ አንድ ነገር…» ብላ ቀረች።

ስለ አማቿ እኅት አላነሣሁባትም።
ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቅዳጁን ጠረግሁ፣
ጠመኔ አወጣሁ፣
መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥዬ አልጋውን ሣልሁላት።
በሩ ጋ ስደርስ፣ ዘግቼ አልተውሁትም፤
ከበስተጀርባው
ሁለት ዓይን ጨመርሁበት።